ለልጅቷ አባት ዓይን የተገዛ ጫማ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስለ ጫማ የሚጨነቅ ወንድ ካያችሁ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ፍቅር ይዞታል። እኔ እዚህ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ የቀረውን እናንተው ድረሱበት።

እዚህ አገር እግር ነፃ ፍጥረት ነው። ቱባው ባለሥልጣንም፣ ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመውም፣ ከሥራ ሲወጣ ሽርጡን አሸርጦ ነጠላ ጫማውን ያጠልቅና ጣቶቹን ለነፋስ ይሰጣል። እኔ ግን ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፍ ዕቃ ሰነድ የማስጨርስ ትራንዚተር ስለሆንኩ፣ ቆዳ ጫማ ማድረግ ግዴታዬ ነው። አለቃዬ «ጣቱ የሚታይ ሰው ፊርማው አይታመንም» ይላል። እናም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጫማ ስገዛና ጫማ ስቀብር ኖሬአለሁ። የጅቡቲ ሙቀት አስቀድሞ የሚያጠቃው ሰውን እንዳይመስላችሁ፤ ማስቲሽን ነው። ሰኔ ሲገባ ማስቲሹ ይላላና ሶል ከጫማው ይፋታል። አንድ ቀን ጉምሩክ ፊት ለፊት አስፋልት ስሻገር፣ እኔ ማዶ ደርሼ ሶሌ መሐል መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዱ ሾፌር ቆሞ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ለእኔ መስሎኝ እጄን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለሶሌ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ሂሩትን የወደደው።

ሂሩት ካርቲዬ ዱ በምንለው በሁለተኛው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሥራዬ ሰነድ ነው፤ ሰነድ ደግሞ ኮፒ ይፈልጋል። ይሁንና አንድ ኮፒ የሚበቃውን ሰነድ አምስት አምስት ጊዜ ማስገልበጥ የጀመርኩት ለመንግሥት ብዬ አልነበረም። ቢሮአችን ለምን ወረቀት በወረቀት እንደሆነ አለቃዬ እስከ ዛሬ አያውቅም። በተመላለስኩ በስድስተኛው ወር ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሏት ስትታገል፣ የወረቀቱን ጫፍ ይዤ አብሬ እየጎተትኩ «ታገቢኛለሽ ወይ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀለም በነካው እጅ መጠየቁ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ተረጋግቼ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

«መጀመሪያ ወረቀቱን ሳትቀደው አውጣው» አለችኝ።

አወጣሁት። እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣ ዓይኔን እያየች እንዲህ አለች፤ «እኔ እሺ ብያለሁ። ግን እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባዬ ብቻውን ነው ያሳደገኝ። እሱ አይሆንም ካለ አልፌው አልሄድም። እወቀው።»

«ሽማግሌ እልካለኋ!»

«ላክ። ግን አባዬ ፊት አያይም። ጫማ ነው የሚያየው።»

አባቷ ጋሽ ላቀው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ጅቡቲ ውስጥ ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን እጃቸው ደክሞ ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ቢውሉም፣ ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። ከእኔ በፊት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሂሩትን ፈልጎ፣ ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ቤታቸው መጥቶ ነበር አሉ።

«ምን አጠፋ?» አልኳት፣ ለራሴ እየፈራሁ።

«ምንም። ደግ ሰው ነው። ጫማው ዙሪያውን የተሰፋ ይመስላል፤ ስፌቱ ግን ፕላስቲክ ላይ የታተመ ነበር። አባዬ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ምንም አላለም። ከወጣ በኋላ ‹የተሰፋ መስሎ ያልተሰፋ ሰው ነው› አለ። አበቃ።»

እግሮቼን ቀስ ብዬ ከባንኮው ሥር ደበቅሁ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚወዱት?»

የተበላሸ ኮፒ ገልብጣ ጀርባው ላይ ሣለችልኝ። ደርቢ የሚሉት ነው፤ ክሩ የሚገባበት ሁለቱ ክንፍ ከላይ ተደርቦ ስለሚሰፋ፣ እግር በሙቀት ሲያብጥ ወዲያና ወዲህ ከፈት ይልለታል። ይኼኛው ደግሞ ተራ ደርቢ አይደለም፤ ከፊት አንዲት ስፌት ቁልቁል ወርዳ ጫፉን ለሁለት ትከፍለዋለች። «ያቺ የመሐል ስፌት በእጅ ነው የምትሰፋው» አለችኝ። «ወስፌው ቆዳው ውስጥ ይገባና ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ይወጣል፤ ወደ ገበሩ አያልፍም። አባዬ እሷን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።»

ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላሜ ሄደ። ሰው ሰላም ሲለኝ ለጫማው ነበር የምመልስለት። ጉምሩክ ላይ አንድ ሹም ሰነዴን ሲያይ እኔ ጎንበስ ብዬ እግሩን ሳይ፣ የሆነ ነገር የጣለ መስሎት እሱም ጎንበስ አለ፤ ጠረጴዛ ሥር ፊት ለፊት ተገናኘን። ሁለታችንም ያጣነው ነገር ስለሌለ ተፋፍረን ተነሣን።

ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ የለመንኳቸው ጋሽ በቀለን ነው። ጋሽ በቀለ ከሞጆ ጅቡቲ ሲመላለሱ ያረጁ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የማያስታርቁት ጠብ፣ የማያስጨርሱት ጋብቻ የለም። ሁለት ጓደኞቻቸውን ጨምረው «የዛሬ ሁለት ሳምንት አርብ ከሰዓት» ብለው ቀን ቆረጡ። እኔ የሰማሁት ሁለት ሳምንት የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንዲት ሂሩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ሜኔሊክ አደባባይ ነው። እዚያ ካሉት ጫማ ቤቶች በአንዱ መስኮት ላይ፣ እንደ ሥዕሉ ጫፉ የተከፈለ ቡናማ ደርቢ ተጎልቶ ሳየው ዘልዬ ገባሁ። ባለ ሱቁ የመናዊ ነው። «ሙሴ፣ ኩይር! ቆዳ! መቶ በመቶ!» እያለ በፈረንሳይኛም በአማርኛም አንቆለጳጰሰው። ልኩም ልኬ ነው። ከፍዬ ብወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አትሰሙም ነበር። ግን የተሰፋ መስሎ ያልተሰፋው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

እናንተ ቆዳ ቆዳ መሆኑን እንዴት እንደምታረጋግጡ አላውቅም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር በእሳት ነው። ቆዳ እሳት ሲነካው እንደ ሥጋ ይሸታል፤ አይቀጣጠልም። ባለ ሱቁ ሳጥን ሊያወርድ ዞር ሲል ላይተሬን አወጣሁና ተረከዙን ነካ አደረግሁት። ነካ ነው ያልኩት። ጫማው ግን ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል ቦግ አለ። የሸተተው ሥጋ አይደለም፣ ጀሪካን ነው። እፍ ስለው ባሰበት። ደንግጬ ሳራግፈው የሚንጠባጠበው ፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ባለ ሱቁ ዘወር ብሎ አየኝ፤ በአንድ እጄ ላይተር፣ በአንድ እጄ የሚነድ ጫማ ይዤ እንደ ችቦ ለኳሽ ቆሜአለሁ። የሚጠጣውን ሻይ ከነስኳሩ ደፋብኝ።

«ቆዳ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲያው ነው፤ ጥፋተኛ ቀድሞ ይጮኻል።

«አሁንማ ምኑም አይደለም!» አለኝ።

ጎን ካለው ካፌ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ መጣ። አንድ አስተናጋጅ በሦስት ቋንቋ አሸማገለን፤ ፍርዱ በሦስቱም ቋንቋ አንድ ነበር፤ ያቃጠለ ይክፈል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የእኔ ምንጣፉ ላይ ስለተጣበቀ የሚለቀም እንኳ አልነበረውም። ከፍዬ፣ ሻይ የጠጣ ሸሚዜን ለብሼ፣ የግማሽ ጫማ ባለቤት ሆኜ ወጣሁ።

ሁለቱ ሳምንት እንዲህና እንዲያ ሲል አለቀ። የገባሁበትን ሱቅ ሁሉ ብነግራችሁ ትደክማላችሁ። አንዱ ጋ ጠዋት የለካሁት ጫማ ልክ ሆኖ፣ ከሰዓት እግሬ ሲያብጥ አንቆ ይዞኝ አላወልቅም ብሎ፣ ሻጩና እኔ እንደ ገመድ ጉተታ ተጓተትን። ሌላው ጋ ጫፉ መከፈሉን ሳሳየው «ተበላሽቶ ነው፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ ስበላ እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሂሩት «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ደርሷል» እላታለሁ። ምን እንደደረሰ ግን እኔም አላውቅ።

ሐሙስ፣ ማለት ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የሰፈሬ ልጅ አገኘችኝ። ፊቴን አይታ የሞተ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀችብኝና «ፈረንጆቹ ኮንትራታቸው ሲያልቅ ጥሩ ጥሩ ጫማቸውን ጥለው ነው የሚሄዱት፤ ሁሉም ሰልባጅ ተራ ነው የሚወድቀው። ለምን ሱቅ ለሱቅ ትንከራተታለህ?» አለችኝ። ከቢሮ ሾልኬ በረርኩ።

ሰልባጅ ተራ ፋዱማ የምትባል ሶማሌ ጫማ ዘርግታለች። እዚያ መሐል አየሁት። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ክንፎቹ ከላይ የተደረቡ፣ ጫፉ በአንዲት ስፌት ለሁለት የተከፈለ። አነሣሁት፤ ከብዶ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ላይተሬን ቤት ጥዬ ነው የወጣሁት፤ እግዜር ሲጠብቅ እንዲህ ነው። ቀኝ እግሬን ከተትኩ፤ ገባ። ደስታዬን መደበቅ ነበረብኝ፤ አልደበቅሁም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ፋዱማ ጫማውን እንዴት እንዳቀፍኩት አይታ ዋጋውን ሰቀለችው። ሳልከራከር ከፈልኩ።

«ግራው የታለ?»

«እህቴ ቤት። ሃያብለ ሰፈር» አለች፣ ገንዘቡን ጉያዋ እየከተተች።

«ሃያብለ ምን ይሠራል?!»

«ሁለቱን እዚህ ካወጣሁ ሌባ ይወስደዋል። አንድ እግር ማን ይሰርቃል? ወላሂ ማንም! ሰው ሲገዛ እደውላለሁ፣ እህቴ ታመጣለች።»

ዘወር ብዬ ሳይ እውነትም የተዘረጋው ጫማ ሁሉ ቀኝ ቀኝ ነው። ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ስልኩን አስቀመጠችው።

«ጫት ገብቷል። አሁን ማንም ስልክ አያነሣም። ነገ ተነገ ወዲያ ና።»

ጅቡቲን ለማያውቅ ልንገር። እኩለ ቀን አልፎ የኢትዮጵያ ጫት ከተማ ሲገባ ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ጠበኛ ጠቡን ለነገ ያቆየዋል። ወደ ቤቱ የማይሮጥ ሰው የለም፤ ቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚያስወጣው የለም። ነገ ግን ሽማግሌዎቼ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሃያብለ ራሴ ልሂድ አልኩና የእህቲቱን ቤት አቅጣጫ ተቀብዬ ሮጥኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ሰዎች ወደ ታች ሲያዩኝ ነው ያስተዋልኩት። ቀኝ እግሬ ላይ ቡናማው ደርቢ፣ ግራ እግሬ ላይ የራሴ ጥቁር ጫማ። የድሮውን ቀኝ ጫማዬን ፋዱማ ጋ ረስቼዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሃያብለ በቆርቆሮና በጣውላ የተሠሩ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ነው፤ ሁሉም ቤት እህቲቱን ያውቃታል፣ ሁሉም ቤት ሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከብዙ መዞር በኋላ አገኘሁት። እህቲቱ የለችም። ባሏ ሮብሌ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ትራስ ተደግፎ እየቃመ ነው። ወጌን ገና ከበር ስጀምር፣ «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ሰላም ነው ወይ፣ አገር ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ አለ ወይ?» አለኝ።

«ግራ ጫማ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ጫማ የትም አይሄድም። ተቀመጥ።»

ሁለት ዓይነት ጫማዎቼን ከበር አውልቄ ገባሁ። በምርቃና ሰዓት ጫማ ጫማ አይደለም፤ የዓለም ጉዳይ ነው። አንዱ ደርቢውን አስመጥቶ እያገላበጠ የፈረንጅን የዕውቀት ምንጭ አስረዳን። ሁለተኛው ቆዳው የሶማሌ ፍየል ነው አለ። ሦስተኛው የለም የአፋር ፍየል ነው አለና ክርክሩ ድንበር ተሻገረ። እኔ በየመሐሉ «ግራውስ?» እላለሁ። «ኢንሻአላህ» ይሉኛል። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ሮብሌ እጁን ጉልበቴ ላይ ጭኖ ያስቆመዋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በመጨረሻ ተነሣና ከጓዳ አንድ ጆንያ ጎትቶ አመጣ። ዘረገፈው። ሁሉም ግራ ነው። አንድ በአንድ፣ ተንበርክኬ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ግራ እግር ሁሉ ዳስሼ፣ ከጆንያው ሥር የእኔን አገኘሁት።

ታቅፌው ስወጣ ሮብሌ ከኋላዬ «ሰርጉ ላይ ጥራን!» አለኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ዳግመኛ ከእነሱ ጋር ስለ ጫማ አላወራም። ፋዱማ ጋ ስመለስ የድሮው ቀኝ ጫማዬ የለም። ሸጣዋለች።

«አንድ እግር ማን ይገዛል?» አልኳት።

«እንዳንተ ያለ» አለችኝ።

ያን ምሽት ጫማዎቹን ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ የሂሩትን ሥዕል አጠገባቸው ዘርግቼ መረመርኳቸው። ጣቴን ውስጥ ከትቼ የመሐሏ ስፌት ክር ወደ ገበሩ የሚወጣበትን ቦታ ፈለግሁ። የለም። ከላይ ስፌት አለ፣ ከውስጥ ምንም የለም። ደስ አለኝ። ሳምኩት እንዳልላችሁ፤ አልሳምኩትም፣ አስቤ ብቻ ነው።

አርብ ከሰዓት ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ደርቢዬን አጥብቄ አስሬ፣ ጋሽ በቀለ ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ለብሰው ተዘጋጅተዋል። ጋሽ በቀለ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ወዴት ነህ?» አሉኝ።

«አብሬያችሁ ነኛ።»

ሦስቱም ተያዩ።

«ራሱ ሚስት ሊጠይቅ ከሽማግሌ ጋር የሚሄድ ሰው የት አይተሃል?»

የሚያሳፍረው አለማወቄ አይደለም። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ የሰው ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ! ጠያቂው ቤቱ ተቀምጦ መልስ እንደሚጠብቅ እንኳን እኔ፣ ማንም ያውቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጫማው ሂሩት ቤት ሲገባ ሳስብ፣ ጫማው ውስጥ ያለሁት እኔ እንደማልገባ አንድ ቀን አላሰብኩም። ይልቁንም ዓይኔ ወደ ጋሽ በቀለ እግር ሄደ። ነጠላ ጫማ። ያውም መሐሉ በሽቦ የተጠገነ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ይህንን ጫማ እርስዎ ያደርጉልኛል።»

«እብድ ነህ? እኔ ጫማዬ ቁጥር አርባ አምስት ነው።»

«አርባ ሦስት ነው፣ ግን ደርቢ ነው! ክንፉ ይከፈታል!»

ፊቴን አይተው ራሩልኝ። ክሩን እስከ መጨረሻው አላላነው። አንዱ ሽማግሌ ተረከዛቸውን ገፋ፣ አንዱ ከኋላ ደገፋቸው፣ እኔ ክንፎቹን ወዲያና ወዲህ ጎተትኩ። በአርብ ሙቀት ያበጠ የሾፌር እግር በምን ያህል ጸሎት እንደገባ እኔና እግዜር እናውቃለን። ተነሥተው ሲራመዱ ትኩስ አመድ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። «ልጅቷን ካልሰጡህ በጥፊ ነው የምልህ» አሉኝ።

እኔ የሳቸውን ነጠላ ጫማ ተጫምቼ እያንሸራተተኝ ከኋላ ተከተልኳቸው። እነሱ ገቡ። እኔ ከጋሽ ላቀው ቤት ማዶ፣ ውሃ ከምትሸጥ ሴት ጥላ ሥር ቆምኩ። መቆም ካላችሁት። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ተመለስኩ፣ ሴትየዋ ያዞረኛል ብላ ፊቷን አዞረች። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ላቀው «አታውልቁ፣ አታውልቁ፣ በጫማችሁ ግቡ» ሲሉ ሰማሁ፤ ጋሽ በቀለም ሲያቃስቱ ሰማሁ። ቤት ገብተው ያወልቁታል ብዬ የነበረኝ ተስፋ ጠፋ። ያኔ ነው እውነቱ የመጣብኝ። ሰውየው አይሆንም ቢሉ፣ ነገ ሰነዴን የት ነው የማስገለብጠው? የሷን ቤት በየትኛው ዓይኔ ነው የማልፈው? ፈራሁ። ወደብ ላይ ዕቃ ሲወድቅ፣ አለቃ ሲቆጣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሽማግሌ ተልኮ ጠያቂ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ገባሁ። ጋሽ በቀለ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን ያሻሉ። ጫማዬ ጋሽ ላቀው ጭን ላይ ነው። ወፍራም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ አንድ እጃቸውን ጫማው ውስጥ ከተው ይዳስሳሉ።

«ይኸ ጫማ ያንተ ነው አይደል?» አሉኝ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«አዎ ጋሼ። በምን አወቁ?»

«አቦ፣ የሚያነክስ ሽማግሌ ልከህብኝ! ከየት አመጣኸው?»

ከፈረንሳይ አስልኬ ልል ነበር፤ በመንገድ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። አፌን ስከፍት ግን እውነቱ ተዘረገፈ። የላይተሩን፣ የሻዩን፣ የፋዱማን ቀኝ ቀኝ ጫማ፣ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጌ ሃያብለ መሄዴን፣ የጆንያውን ግራ እግር ሁሉ ነገርኳቸው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሂሩት ሳቋን አፍና መያዝ አቅቷት ስትፈነዳ ሰማሁ። ጋሽ ላቀው አልሳቁም።

«ላይኛው የሰው ሥራ ነው» አሉ። «ሶሉ ግን ተለውጧል። ይኸ ዙሪያውን የምታየው ስፌት ጌጥ ነው፤ ከሥሩ ያለው ማስቲሽ ብቻ ነው። ሰኔን አይሻገርም።»

ተለፍቶ ተለፍቶ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ቦታ ላይ ቆሜአለሁ።

«ለመሆኑ ምኑን አይተህ ነው የገዛኸው?»

«የመሐሏን ስፌት» አልኩ። የምደብቀው አልቆብኛል። «ትናንት ጣቴን ከትቼ ክሩ የሚወጣበትን ስፈልግ አመሸሁ። አጣሁት። ከዚያ ‹ይህን የሰፋው ሰው ዓይኑ እንዴት ቻለው?› አልኩ። አሳዘነኝ። ማን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም።»

ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ዓይኖቻቸው ያለ መነጽር ትንንሽና ቀይ ናቸው።

«ድሬዳዋ እያለሁ የዚህችን ልጅ እናት አስጠይቄ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጫማው የሚያወሩ ይመስል። «አጎቷ ሽማግሌዎቼን በር ላይ አቁሞ ‹ለቆዳ ፋቂ አንሰጥም› ብሎ መለሳቸው። ያን ዕለት ያደረገውን ጫማ ማን እንደሰፋው ታውቃለህ?»

«ማን ሰፋው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ። ሳምንት አልሞላውም ነበር። እሱም አላወቀ፣ ጠይቆም አያውቅ።»

ጋሽ በቀለ እግራቸውን ማሸት ተዉ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኩ።

«ምን አደርጋለሁ፣ ተያይዘን ባቡር ላይ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ጫማውን አያለሁ። ውድ ነው ርካሽ ነው ብዬ አይደለም። የሰፋው ሰው እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ይህን ብለው ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሺ ነው ወይስ እምቢ? ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የተቀደደ ካርቶን፣ በአንድ እጃቸው እርሳስ ይዘዋል። ካርቶኑን እግሬ ሥር አነጠፉት።

«የሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቅና ቁምበት።»

ቆምኩ። ያ ሁሉ ዘመን ጎንበስ ብሎ የኖረ ወገብ እንደገና ጎንበስ አለ። እርሳሱን በእግሬ ዙሪያ፣ ከተረከዜ ጀምረው፣ በጣቶቼ ጫፍ፣ ቀስ እያሉ ያዞሩት ጀመር። እጃቸው ቢደክምም፣ መስመሩ አልተንጋደደም።

ጋሽ በቀለ አላስቻላቸውም። «ጋሽ ላቀው፣ እኛ እኮ ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ሽማግሌ መልስ ሳይዝ አይነሣም። ምን ብለን እንሂድ?»

ጋሽ ላቀው ቀና አላሉም። እርሳሱን ትንሿ ጣቴ ጋ አደረሱት።

«እጄ እንደ ድሮው ፈጣን አይደለም» አሉ። «ሆኖም ለጥር ይደርስለታል።»

ጥር የሰርግ ወር መሆኑን ለሽማግሌ ማን ያስረዳል? ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተነሥተው ሊስሟቸው ተጋፉ። ከመጋረጃው በስተጀርባ እልልታው ፈነዳ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ያን ያህል እልል ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር። እኔ ግን ካርቶኑ ላይ ስለቆምኩ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። እዚያው ቆሜ እንባዬ ወረደ፤ አንዷ ጠብታ አውራ ጣቴ አጠገብ አረፈች።

«ካርቶኑን እንዳታረጥብብኝ» አሉኝ ጋሽ ላቀው።